አልነዝር ያለችው አጥንት

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

ዛሬ የጆሮ ሐኪሙ ቁርጡን ነገረኝ። ከታምቡሩ ጀርባ ድምፅ ሲመጣ የሚነዝሩ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አሉ። የእኔ የመጨረሻዋ፣ እርካብ የምትመስለው፣ ተጣብቃ መንዘር ትታለች። እርግዝናው አባብሶት ይሆናል አለ። ሹካ መሳይ ብረት መትቶ ጆሮዬ አጠገብ ሲይዘው ምንም፤ ከጆሮዬ ጀርባ አጥንቱ ላይ ሲያስነካው ግን ሰማሁ። ቀዶ ጥገናው ከመውለዴ በፊት አይሆንም። ታዲያ ሕፃኑ ሲያለቅስ ማን ይሰማልኛል? ምን ይውጠኝ?

ከወሎ ሰፈር አያት ድረስ ታክሲ ውስጥ እንባዬን ስጠርግ መጣሁ። ቤት ገብቼ ፍራሹ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ትንሿ ልጄ ከኋላዬ አንገቴን አቅፋ አገጯን አናቴ ላይ አሳረፈች። ድምፅዋ በአጥንቴ ገባ፣ ጥርት ብሎ።

«እማዬ፣ አሁንም አኩርፈሽኛል?»

ስንቴ ጠይቃኝ ይሆን።