ልጄ በየማለዳው ስለምትበላው ቁርስና በላዩ ስላረፈው ማኅተም

ለተከበሩ የሕፃናት ምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም የማንም አቤቱታ የማይደርስበት ይሁንልዎ እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ሃያ ዓመት ሊጥ ያቦካሁ ዳቦ ጋጋሪና ሁለት ዓመት ከአራት ወር የሆናት፣ ቤተሰቡ ሚጢጢ የሚላት ልጅ እናት ነኝ።

የምጽፍልዎ የጥንቸል ሥዕል ስላለበት፣ ሴሪያል ስለሚሉት የታሸገ የሕፃናት የእህል ቁርስና በካርቶኑ ግንባር ላይ «ለሕፃናት ጤናማ» ስለሚለው የመሥሪያ ቤትዎ አረንጓዴ ማኅተም ነው። ከማማረሬ በፊት ላመስግንዎ። ማኅተሙ ባይኖር ኖሮ በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ስለሆንኩ ካርቶኑን አገላብጬ ጀርባውን አነብ ነበር፤ እርስዎን አምኜ ግን ስድስት ወር ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ አበላኋት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው።

አንደኛ፣ ጀርባውን ያነበብኩት የጥርስ ሐኪሟ የሚጢጢን ሁለት የላይ የፊት ጥርሶች አይታ፣ መነቀል እንዳለባቸው ከነገረችኝና ጠዋት ጠዋት ምን እንደምትበላ ከጠየቀችኝ በኋላ ነው። ስኳር የሚል ቃል የትም አላገኘሁም፤ የሩዝ ሽሮፕ፣ የበቆሎ ሽሮፕና የወይን ጭማቂ የሚባሉት ወንድሞቹና የአክስቱ ልጆች ግን እንደማይተዋወቁ ሰዎች በየመስመሩ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ዝርዝሩ የሚጻፈው በብዛት ቅደም ተከተል ነውና፣ በአንድ ላይ ቢቆሙ ስንዴውን አስከትለው ከፊት እንደሚሰለፉ የጠረጠርኩት ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፣ ላቦራቶሪ ባይኖረኝም እርሾ አላጣሁምና በሁለት ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ እኩል እርሾ በጥብጬ፣ በአንዱ የዳቦ ዱቄት፣ በሌላው የተፈጨ ሴሪያል አንድ አንድ እፍኝ ጨመርኩ። አንድ ትሪ ዳቦ ድቡልቡል አድርጌ እስክጨርስ የሴሪያሉ ብርጭቆ ገንፍሎ ጠረጴዛውን ሲያጥለቀልቀው፣ የዱቄቱ ገና አረፋ መያዝ መጀመሩ ነበር። እርሾ እንዲህ የሚቸኩለው ስኳር ሲያገኝ መሆኑን ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ ነው የተማርኩት፤ ባለሙያዎችዎ በስንተኛው ዓመታቸው እንደሚደርሱበት ግን አላውቅም።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልለፈው። በካርቶኑ ላይ ነጭ ጋውን ለብሰው «እኔም ለልጆቼ እመርጠዋለሁ» የሚሉትን ሐኪም፣ የቤቴን ግድግዳ ላስቀባ ብዬ ቀለም ስገዛ በቆርቆሮው ላይ ብሩሽ ይዘው አግኝቻቸዋለሁ፤ ፈገግታቸው ያው ነው።

አራተኛው ግን ያቃጥለኛል። ሚጢጢ ወደምትውልበት የሕፃናት ማቆያ የተቀቀለ አጃና ሙዝ ቋጥሬ ብወስድ፣ ሞግዚቷ ከበር መለሰችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የሚጢጢ እናት፣ እኔ ምን ላድርግ ብለሽ ነው፤ ማኅተም የሌለው ምግብ እንዳናስገባ ተጽፎልናል» ነው ያለችኝ። በመሆኑም ሃያ ስምንት ሕፃናት በየማለዳው ማኅተምዎን ይበላሉ፤ ሙዝ ደግሞ ማኅተም የሚመታበት ካርቶን ስለሌለው በር ላይ ይቀራል።

ለዚህ ሁሉ ላቀረብኩት አቤቱታ ከሰባት ሳምንት በኋላ ምላሽ ስለሰጡኝ ወረታዎን ፈጣሪ ይክፈልልኝ። እንደ ምላሽዎ ከሆነ፣ በመመሪያው መሠረት የናሙና እሽግ ከተከፈተ ናሙናው እንደተበላሸ ስለሚቆጠር፣ ምርመራው እሽጉ ሳይከፈት ተከናውኗል። ካርቶኑ ተመዝኗል፣ ተነቅንቋል፣ ከአንድ ሜትር ከፍታ ተጥሎም አልተቀደደም፤ ቀለሙም በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ አልለቀቀም። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በውስጡ ያለውን የማያውቅ መሥሪያ ቤት ውስጡን እንዳያይ የሚከለክል መመሪያ እንዴት ሊያወጣ ቻለ ብዬ ብጠይቅ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዳይሆን ሰጋሁ እንጂ ማንንም መወንጀሌ አይደለም።

ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ካርቶን ያስከፍቱልኝ። መቀስ አያስፈልግም፤ ሚጢጢ እንኳ በገዛ ጣቷ ትከፍተዋለች። የእርሷ ጥርሶች ወረፋቸው ደርሶ በመጪው ማክሰኞ ይነቀላሉ፤ ይህን እርስዎም እኔም አንመልሰውም። በማንኪያ ያበላኋት እኔው ስለሆንኩ ነውሩን ለብቻዬ እሸከመዋለሁ፤ የቀሩትን የሃያ ሰባቱን ግን ለእርስዎ ትቻለሁ።

ማኅተምዎ በማይደርስበት ርቀት ሆኜ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
የሚጢጢ እናት፣ ዳቦ ጋጋሪዋ

ከፊርማ በኋላ፦ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ መሥሪያ ቤትዎ የዳቦ ቤታችን ደንበኛ ስለሆነ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በሕንፃዎ ምድር ቤት ለሠራተኞችዎ ልጆች ከተከፈተው ማቆያ የመጣልን የትእዛዝ ወረቀት «ልጆቻችን የካርቶን ቁርስ ስለማይሰጣቸው፣ ስኳር ያልገባበት ዳቦ በየጠዋቱ ይላክልን» ይላል። ከግርጌው ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው። ዳቦውን በደስታ እጋግራለሁ፤ ልጆቹ ምን አጠፉ?