ድምፅ የሌለው ስዕል

ጥቅምት 4 ቀን 2002
ሦስት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ለአርባ ተማሪ ዘጠኝ ኮምፒውተር... መብራት ሁለቴ ጠፋ።
ቤት ስገባ አባባ በግራ እጃቸው ወደ በሩ ያመለክታሉ። እማዬ ትገምታለች። «ውሃ ነው? ጋቢ ልደርብልዎ? ሊወጡ ነው?» አንዱም አይደለም። መጨረሻ ላይ እንባቸው መጣ። ስትሮኩ ምላሳቸውንና ቀኝ ጎናቸውን ከያዘው አምስት ወር። የወረታ ከብት ገበያ ደላላ ነበሩ እኮ! ዋጋ ሲጠሩ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማ ነበር።

ጥቅምት 9
ለተማሪዎቼ የማሳየው ያ ተራ የጃቫ ፕሮግራም... ስክሪኑ ላይ መስኮት ከፍቶ በማውስ የሚጫኑ ቁልፎች የሚደረድር። ቁልፎቹ ላይ ስዕል ባደርግስ? አባባ ሲነኳቸው ቢናገሩስ? ብርጭቆው «ውሃ»፣ አልጋው «ልተኛ»።
ላፕቶፕ ተዋስኩ።

ጥቅምት 15
ኮሌጅ ሲሠራ የነበረው ቤት ሳመጣው ባዶ ቁልፍ ብቻ። ስዕል የለም። ስህተቱን እንኳ አይነግረኝም።

ጥቅምት 20
አብሮኝ የሚያስተምረው ይልቃል አየልኝ። «የፎቶውን ስም በትልቅ ፊደል፣ ኮዱ ላይ በትንሽ ጽፈሻል። ሁሉንም አንድ ፋይል አድርገሽ ስትጠቀልይው ፎቶውን አያገኘውም» አለኝ። አንድ ፊደል!
ድምፁ ግን እምቢ አለ። በስልክ የቀዳሁትን ጃቫ አያነበውም። ዌቭ የሚባለውን የድምፅ ፋይል ይፈልጋል።

ኅዳር 2
የወንድሜ ሠርግ ካሴት ላይ አባባ እንግዳ ሲያስተናግዱ ይሰማል። በራሳቸው ድምፅ ቢናገሩ አይሻልም? ወደ ኮምፒውተር አስገብቼ ቆራረጥኩት። ስድስት ቃል አገኘሁ። ለገበያው ብዬ ላስገባሁት የላሞች ስዕል የሚሆን ግን የለም። ዝም እንዳለ ተውኩት።

ኅዳር 5
ማውሱን በግራ እጃቸው አስያዝኳቸው። ብርጭቆውን ነኩ። «ውሃ አምጡ!» አለ ላፕቶፑ... በእሳቸው ድምፅ።
እማዬ ከጓሮ እየሮጠች ገባች። «ተናገሩ? ልጄ፣ ተናገሩ?»
«ማሽኑ ነው እማዬ።»
በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። አባባ ፊቷን አዩ። ማውሱን ገፍተው ወደ ግድግዳው ዞሩ።
ምን አደረግሁ?

ኅዳር 13
አልነኩትም።

ኅዳር 19
ዛሬ ራሳቸው በእጃቸው አመልክተው ማውሱን ጠየቁ። ላሞቹን ነኩ። ደግመው ላሞቹን። ሌላ ምንም።
«ገበያው ናፍቋቸው ይሆናል» አለች እማዬ።

ኅዳር 21
ከይልቃል ጋር ደግፈን ባጃጅ ውስጥ አስገባናቸውና በከብት ገበያው መንገድ ሜዳው ድረስ ወሰድናቸው። ሩዙ እየታጨደ ነው። ላሞች በአጠገባችን አለፉ። አንድ ሰው «አያ ቢሻው! እንዴት ነዎት?» ብሎ ጮኸ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።
ቤት ስንመለስ እንደገና ላሞቹን ነኩ። ያኔ ገባኝ።
«አባባ... ላሞቹን የሚነኩት ድምፅ ስለሌለው ነው?»
ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። በስድስት ወር ውስጥ ያለ ጥርጥር የገባኝ የመጀመሪያው መልስ።

ኅዳር 22
ድምፁን ከሁሉም አነሳሁ። ሦስት መስመር ኮድ ነው። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ታኅሣሥ 8
ሐኪሙ ንግግራቸው አይመለስም አለ። እማዬ ምንም አልጠየቀችውም።
አባባ ብርጭቆውን ይነካሉ፣ እሷ ውሃ ታመጣለች። አልጋውን ይነካሉ፣ ታስተኛቸዋለች። መገመት ቀረ። ጥያቄው ቀረ። ለጎረቤት ወሬም አትወጣም አሁን።
ምሳ ላይ ጨው ፈለገች። በጣቷ አሳየችኝ። እኔም ዝም ብዬ አቀበልኳት።