የተቀቀለው ባና

ሰኞ፣ ኅዳር 5

እኔን መረጡኝ። መረጡኝ ማለት እንኳ ውሸት ነው፤ ጫኑብኝ።

የኮሌጁ ተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ሊያልቅ ነበር። ከወንዶቹ ዶርም ሁለት ልጆች በትኩሳት ክሊኒክ ስለገቡ ከየዶርሙ አንድ አንድ የጤና አስተማሪ ተማሪ ይመረጥ ተባለ። ሁሉም አቀረቀረ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ታደሰ ዓይኑን ሲያዞር ሲያዞር ቆይቶ እኔ ላይ አሳረፈው። «ጓድ ዘሃራ በቀን አምስት ጊዜ እግሯን ትታጠባለች። ለንጽሕና ከሷ የተሻለ ማን አለ?» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እጅ ወጣ፣ ተጨበጨበ፣ አለቀ።

ለሶላት እንደምታጠብ ማን እንደነገረው አውቃለሁ። አጠገቤ የምትተኛው አስካለ ናት። በማለዳ ያንን በረዶ ውሃ ስነካ ባየች ቁጥር «ይቺ ቆለኛ አብዳለች» ትላለች። አዎ፣ የአሊዩ አምባ ልጅ ነኝ፣ ቆለኛ ነኝ። እሷ የመዘዞ ልጅ ናት፣ ደገኛ፤ ብርዱን አባቷ ያወረሳት ይመስላታል።

እንቢ ማለት አይቻልም። እንቢ ያለ ሰው በምን ዓይን እንደሚታይ ሁላችንም እናውቃለን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

ጠዋት ክሊኒክ። የክሊኒኩ ድሬሰር ጋሼ ኃይሉ አስተማሩን። ቁጡ ሰው ናቸው፤ አንዱን ነገር ሦስቴ ይጮኹበታል። የያዝኩት ይኸው፦

ትኩሳቱ ግርሻ ነው። ለቀቀ ሲባል ይመለሳል። የሚያመጣው ቅማል ነው፤ በልብስና በመኝታ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። ቅማል በጥፍር አይጨፈለቅም፤ በሽታው ከውስጡ ወጥቶ በተቧጨረ ቆዳ ይገባል። ልብስ ይቀቀላል። ትኩሳት ያለበት ሰው በዚያው ቀን ይነገር።

ማታ ለዶርሜ ልጆች ተናገርኩ። «ቅማል» ስል አንዷ ተከናነበች፤ ሌላዋ መዝፈን ጀመረች። የጥፍሩ ጉዳይ ጋ ስደርስ ግን ሁሉም ሳቁ። «ታዲያ ምን እናድርገው፣ እናሳድገው?» አለች አስካለ።

እነዚህ ልጆች ፀሐይ ላይ፣ እናታቸው ጭን ላይ ተኝተው፣ ራሳቸው እየተፈለገ፣ የተገኘው በአውራ ጣት ጥፍር ጧ እየተደረገ ነው ያደጉት። እኔም እንደዚያው። ከዚያ የበለጠ የእናት ፍቅር የለም። እኔ ደግሞ ያ ነገር በሽታ ነው ልላቸው መጣሁ። ቢጠሉኝ ምን ይገርማል? ግን ያናድደኛል።

ስም ወጥቶልኛል። «ቅማል ፈላጊዋ»።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

አስካለ ቁርስ አልበላችም። ክፍልም አልገባችም። «ወገቤን ቆረጠመኝ፣ ሌላ ነገር የለብኝም» ብላ ባናዋን ተጠቅልላ ተኛች።

ስለ ባናዋ ሳልጽፍ አላልፍም። እናቷ ከራሷ በጎች ሱፍ ፈትላ፣ አባቷ ሸምኖት፣ ኮሌጅ ስትገባ የሰጧት ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ ሁለት ሰው የሚያለብስ። ጥቅምት ላይ ብርዱ ሊገድለኝ ሲል «ነይ ግቢ አንቺ ቆለኛ፣ ጥርስሽ ሲንቀጫቀጭ እንቅልፍ ነሳሽኝ» ብላ ከሥሩ አስገብታኛለች። ደግነቷ እንኳ ስድብ አለበት።

ግንባሯን ነካሁት። እሳት! «ብትናገሪ ሞቼ ነው የማናግርሽ» አለችኝ። «ወደ ቤት ይሰዱኛል። ዓመቱ ያመልጠኛል። አስተማሪ ሆኜ ልመለስ ነው የላኩኝ፣ ዘሃራ።» በስሜ የጠራችኝ ዛሬ ገና ነው።

ከሰዓት ለጋሼ ኃይሉ ነገርኳቸው። በቃሬዛ ወሰዷት። ስትወጣ ዓይኗን ከዓይኔ አላነሣችም።

ማታ ወደ ዶርም ገባሁ። አንዷ ቀስ ብላ፣ ግን እንድሰማ አድርጋ፣ «ጆሮ ጠቢ» አለች። በዚህ ዘመን ይኼ ስም ቀልድ አይደለም። በጆሮ ጠቢ የተጠቆመ ሰው የሚሄደው ወደ ክሊኒክ አይደለም፤ ወደ እስር ቤት ነው። ስለዚህ አልፈርድባቸውም። ውሸቴን ነው፤ እፈርድባቸዋለሁ። ሁለቱን ነገር መለየት ያቅታቸዋል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

ከዶርሙ ሁለት ልጆች አብረውኝ ሊጠይቋት መጡ። የመጡት ለሷ ነው፣ ከኔ ጋር አንድ ቃል አላወሩም። ጋሼ ኃይሉ መርፌ ወግተዋት ነበር። ቆይቶ መንቀጥቀጥ ጀመረች። አልጋው ከሷ ጋር ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈሯ ጠቆረ። ጋሼ ኃይሉ ቀድመው ነግረውኝ ነበር፦ መድኃኒቱ ሲሠራ ያንዘፈዝፋል፣ አትደንግጪ። ደነገጥኩ። እጇን ይዤ «አይዞሽ» እላለሁ። ሁለቱ ልጆች ግን መጨረሻውን አልጠበቁም። ሮጠው ሄደው «ቅማል ፈላጊዋ አስካለን በመርፌ አስገደለቻት» ብለው ዶርሙን አስለቀሱት።

እኔ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። አላበች፣ ትኩሳቱ ወረደ፣ ውሃ ጠየቀች። ያጠጣኋት እኔ መሆኔን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልሐምዱሊላህ፣ የምታኮርፍ ሰው ትድናለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ሠራሁ። ከካፌው በርሜል ለመንኩ፣ የባሕር ዛፍ እንጨት ለመንኩ፣ ከዶርሙ ጀርባ እሳት አነደድኩ። ማንም ልብሱን አልሰጠኝም። ግድ የለም፤ ከአስካለ አልጋ ልጀምር አልኩ። ቅማሉ እዚያ ነው ያለው። አንሶላዋን፣ ቀሚሷን፣ ነጠላዋን ጨመርኩ። ባናውንም ጨመርኩ።

በእኛ አገር ልብስ ጥጥ ነው። እናቴ ጋቢውንም ነጠላውንም በፈላ ውሃና በእንዶድ ትቀቅለዋለች፣ በረዶ መስሎ ይወጣል። እንደሷ አደረግሁ። በደንብ አንተከተክሁት። በዱላም አማሰልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እያንጎራጎርኩ ነበር።

በዱላ ሳወጣው አነሰብኝ። ምን ሆነ ብዬ ዘረጋሁት። አልዘረጋ አለ። ጠነከረ፣ ተኮማተረ፣ የሕፃን መታቀፊያ አከለ፤ ውፍረቱ ደግሞ የፈረስ ግላስ። በሁለት እጄ ጎተትኩት። በእግሬ ረግጬ ጎተትኩት። ያ አላህ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

ጋሼ ኃይሉ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «ሱፍ ቀቀልሽ?»

«ልብስ ይቀቀላል አሉን እኮ።»

«በግ በሞላበት አገር ቆሜ ሱፍ አይቀቀልም ብዬ ላስተምር? የአራት ዓመት ሕፃን የሚያውቀውን?» ጆንያ ውስጥ አስሬ ከሰው ገላ አርቄ ባስቀምጠው ኖሮ ቅማሉ በረሃብ ያልቅ ነበር አሉኝ። ይኼን ዛሬ ነው የሚነግሩኝ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ዶርም ውስጥ ሁሉም አይተውታል። አንዳንዶቹ አስካለ እስክትመጣ ቸኩለዋል። ለሷ አዝነው አይደለም፤ እኔን ስትገነጣጥለኝ ለማየት ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ከማለዳ ጀምሮ ከተማው በሙሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያቃጥላል፣ ደብረ ብርሃን በጭስ ታፍናለች። የዶርሜ ልጆችም ጠርገው አቃጠሉ። ብርድ ልብሳቸውን ጭሱ ላይ እየያዙ «በሽታው ይሄዳል» ይላሉ። ጭስ ቅማል አይገድልም አልኩ። «አንቺ ደግሞ ባና ትገድያለሽ» አለችኝ አንዷ።

በዚያ ጭስ መሐል አስካለ መጣች። ከስታለች፣ አንገቷ ቀጥኗል። አልጋዋ ላይ ያስቀመጥኩትን አነሣችው። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቀችውም። ከዚያ ጠርዙን አየች፣ እናቷ በቀይ ክር የጠለፈችውን።

«ማን?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ወላሂ አላወቅሁም፣ ሁሉንም አልኩ። ብትሰድበኝ ምን ነበር! ደረቷ ላይ አስደግፋ እንደ ሕፃን ልብስ ለካችውና አለቀሰች። ድምፅ የለውም ለቅሶዋ። ወጥቼ ጭሱ ውስጥ ቆምኩ፤ የኔን እንባ ጭሱ ነው ይበሉት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13

የሂስና ግለሂስ ስብሰባ። አጀንዳው እኔ ነኝ።

ጓድ ታደሰ ባናውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። የጤና ዘመቻውን ሽፋን አድርጋ የደሃ ገበሬ ልጅን ንብረት አወደመች አለ። ከዚያ ያቺን ቃል አመጣት። «ይህ ስሕተት ነው ወይስ አሻጥር?»

አሻጥር። ያ ቃል አንድ ጊዜ ከተጻፈ ማንም አይሰርዘውም፤ ተከትሎት የሚመጣው መባረር ብቻ አይደለም። አሊዩ አምባ ያለው አባቴ ታየኝ፣ በር ላይ ቆሞ የምመጣበትን ዳገት ሲያይ።

«ተበዳይዋ ጓድ አስካለ ያለሽን ተናገሪ» አለ ጓድ ታደሰ። ፊቱ ላይ ደስታ ነበር። እሷ ስትጨርሰኝ ለማየት የተዘጋጀ ፊት።

ተነሣች። ገና ስትቆም ትወዛወዛለች። «እናገራለሁ» አለች። «ይቺ ልጅ ደንቆሮ ናት። በግ በሩቅ እንጂ በቅርብ አይታ አታውቅም። ሱፍ ከጥጥ አትለይም። ብርድ ሲመጣ እንደ ዶሮ ትንቀጠቀጣለች፣ ምላሷ ረጅም ነው፣ ልብስ ማጠብ እንኳ አታውቅበትም። አሻጥር ብልጠት ይፈልጋል፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሱፍ የሚቀቅል ሰው ምን ብልጠት አለው? ቆለኛ ናት፣ ሌላ ነገር የለባትም።»

መጀመሪያ ከኋላ አንዱ ፈነዳ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ጓድ ታደሰ ጠረጴዛውን መታ፣ ማን ይስማው! ሳቁ ሲበርድ አሻጥር የምትለዋን ቃል ሊመልሳት ሞከረ፤ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራትም። «በጥብቅ እንድትታረም» ተብሎ ታለፈ።

በሕይወቴ እንዲህ ተሰድቤ አላውቅም። እንዲህ ያለ ስድብም ሰምቼ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 14

አመሰግናለሁ ልላት ሄድኩ። «ከፊቴ ዞር በይ» አለችኝ። ዞር አልኩ።

ከሰዓት በርሜሉን እንደገና አነደድኩ። ምን ላድርግ፣ ከሹመቱ አላወረዱኝም። ሁለት ልጆች ቀሚሳቸውን አመጡ። አንዳቸውም ሰላም አላሉኝም፤ ልብሱን ወርውረው ሄዱ። ከመጨመሬ በፊት ጥጥ መሆኑን በጣቴ ደባብሼ አየሁ። የራሴን የጥጥ ብርድ ልብስም ቀቀልኩ፣ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት።

ራት ሳይደርስ አስካለ አልጋዋ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። የተኮማተረው ባና ጉልበቷን ብቻ ይሸፍናል። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፤ የመዘዞዋ ልጅ! አላሾፍኩም። ብርድ ልብሴን አጠገቧ አስቀመጥኩት።

አየችው። ከዚያ እንደ ፖሊስ «ተቀቅሏል?» አለችኝ።

«ተቀቅሏል።»

ስፌቱን በጣቷ ገልጣ መረመረችና ለበሰችው። ጋሼ ኃይሉ ግርሻው ከመርፌ በኋላም ሊመለስ ይችላል ብለውኛል፤ በዚህ ሰሞን ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ግንባሯን ልነካ እጄን ሰደድኩ። በጥፊ መታችው።

ግን ነክቻታለሁ። ቀዝቃዛ ነው።

ለነገው አላህ ያውቃል።