በእንብርት በኩል የሐሞት ጠጠር ያወጡ የነበሩት አጎታችን

በቤት «ጋሼ»፣ በሥራ ቦታ ደግሞ ከእርጋታቸው የተነሣ «ዶክተር ቀስታ» የሚባሉት አጎታችን፣ ከብስክሌት ጠጋኝ አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ሆስፒታልን ያወቁት በዋናው በር ሳይሆን በልብስ ማጠቢያው በር ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የደረቁትን አንሶላዎች ከእናታቸው ጋር ጫፍና ጫፍ ይዘው ያጥፉ ነበር።

በ1965 ዓ.ም. ሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው በ1972 ዓ.ም. ተመረቁ፤ ኋላም የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ሆኑ። ጽሕፈታቸው ዶሮ የጫረው ይመስል ስለነበር፣ የመዝገብ ክፍሏ ሠራተኛ «ይሄ ምን ይላል?» እያሉ በየቀኑ ይመላለሱባቸው ነበር። መመላለሱ ሲበዛ በ1975 ዓ.ም. ተጋቡ፤ ሁለት ሴት ልጆችም ወለዱ። ጽሕፈቱን ግን ባለቤታቸውም እስከ መጨረሻው አላነበቡትም።

በ2004 ዓ.ም. የሐሞት ከረጢትን እንብርት ውስጥ በምትከፈት አንዲት ቀዳዳ፣ በካሜራ እያዩ ማውጣት ጀመሩ። ቀድሞ አራት ቀዳዳ የሚፈልግ ሥራ ነበር። በአንዲቷ ሲሠሩ መሣሪያዎቹ ይጋጫሉ፤ «ሁለት ሰው በአንድ እጅጌ እጁን ሲያስገባ ማለት ነው» ይሉ ነበር። ጠባሳው ግን እንብርት ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል።

በዚያው ዓመት፣ የደም ሕመም ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር የፈጠረባት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መጣች። ዋናተኛ ነበረች። «ሆዴ ላይ ጠባሳ እንዲታይብኝ አልፈልግም» ስትላቸው፣ «አንዲት ቀዳዳ ብቻ፤ ቃሌ ነው» አሏት።

ሥራው ሲጀመር ግን ከረጢቱ አብጦ፣ ከዙሪያው ጋር ተጣብቆ አገኙት። የትኛው ቱቦ እንደሚቆረጥ አልለይ አለ። ከሃያ ዓመት በላይ መሣሪያ ሲያቀብሏቸው የኖሩት ነርስ፣ «ዶክተር፣ ይታይዎታል?» ብለው ጠየቁ። ጋሼ ካሜራውን አስጠግተው ደግመው አዩ። የገቡት ቃል ከነከናቸው፤ ያልሆነውን ቱቦ መቁረጥ ደግሞ ልጅቷን ዕድሜ ልኳን የሚጎዳ ነው። በመጨረሻ «አይታየኝም» አሉና ሦስት ቀዳዳ ጨመሩ። ከረጢቱም በሰላም ወጣ።

ለልጅቷ የነገሯት ራሳቸው ናቸው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በማግሥቱም ሊጠይቋት ሄዱ፤ አላናገረቻቸውም። በሦስተኛው ቀን፣ «የራስዎ ልጅ ብትሆንስ?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«እሷም ላይ እጨምር ነበር።»

«እንግዲያው ቃል አይግቡ» አለቻቸው።

ልጅቷ ከስድስት ሳምንት በኋላ ወደ ውኃዋ ተመለሰች። ጋሼም ማታ ራት ላይ፣ «ሃምሳ ሰባት ዓመት ኖሬ ያልገባኝን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አስረዳችኝ» ማለታቸውን ቤተሰቡ ሁሉ ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ ሕፃናቱን፣ «በአንድ እጀምራለሁ፤ ካልታየኝ እጨምራለሁ» ነበር የሚሏቸው። በዚህ መንገድ ስልሳ አንድ ሕፃናትን አክመዋል። በሰባቱ ላይ ጨምረዋል፤ ሰባቱንም በስም ያውቋቸው ነበር።

በ2010 ዓ.ም. እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማንም ሳይነግራቸው መቀሱን አስቀመጡ፤ ወጣት ሐኪሞችን ማስተማር ግን አልተዉም። ባለፈው ዓመት የልብ ድካም ጸንቶባቸው ሲተኙ፣ ሲያክማቸው የነበረው የቀድሞ ተማሪያቸው ነገሩን ሊያለሳልስባቸው ሞከረ። «ልጄ፣ የሚታይህን ንገረኝ» አሉት። ነገራቸው። አመሰገኑትና ሴት ልጆቻቸውን አስጠሩ።

ጋሼ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት ታናሽ እህታቸውን ትተው ሄደዋል።

ያከሟቸው ሕፃናት ዓይናቸውን እስኪገልጡ ድረስ ከአልጋቸው አጠገብ ተነሥተው አያውቁም ነበር። የምሕረት አምላክ እሳቸውንም ከአጠገቡ አይለያቸው።