«ከእውነታ የራቀ ነው» ስለተባለው የመኪና ውድድር ጌም

ለተከበሩ የከተማ አውቶቡስ አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ፤
በስብሰባም ሆነ ከስብሰባ ውጭ ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎን፣ ደም ግፊትዎን፣ በስብሰባ ብዛት የሚሻክረውን ድምፅዎን ሁሉ ፈጣሪ ይጠብቅልን እያልኩ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሣለሁ። እኔ መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆሜ የምውል ሴት ነኝና የሰው ጤና ስጠይቅ ከልቤ ነው፤ ለወጉ ያህል የተጻፈ እንዳይመስልዎ። ካላስታወሱኝ፣ ያን ዕለት በስብሰባ ክፍልዎ በር አጠገብ ቦርሳዋን አቅፋ ስትቆም «አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?» ያሏት እኔ ነኝ። የሾፌሩ እህት ነኝ ብዬ መልሼ ነበር፤ መልሴን ሳይሰሙ ፊትዎን ስላዞሩ ግን ዛሬ በጽሑፍ፣ ያውም ሁሉም በሚያነበው አደባባይ፣ ልድገመው ብዬ ተነሣሁ።

ወንድሜ፣ የሥራ ባልደረቦቹ «ቀስ በል» እያሉ የሚጠሩት ሰው ነው። ስሙ የወጣለት ለፌዝ ነበር፤ አንዲት አሮጊት ወንበሯ ላይ ተደላድላ ሳትቀመጥ አውቶቡሱን የማያንቀሳቅስ፣ ከፊት ለፊቱ የሚመጣው መኪና በመብራት ዐይኑን ቢያጠፋው እንኳ «ይለፍ ግድ የለም» የሚል ፍጡር ነው። በዝናቡ ወራት፣ ከላይ ሰፈር ወደ ገበያው በሚወርደው ረጅም ቁልቁለት ላይ፣ ሰው ጢም ብሎ በሞላበት አውቶቡስ ፍሬን እምቢ አለው፤ አውቶቡሱም ከግርጌው ካለው የድንጋይ ግንብ ጋር ተላተመ። የሞተ የለም፤ ተመስገን። ትኬት ቆራጯ ግን ዳሌዋ ተሰብሮ ይኸው እስከ ዛሬ በምርኩዝ ትሄዳለች። መሥሪያ ቤትዎ ጉዳዩን በሚያስደንቅ ፍጥነት አጣርቶ «አሽከርካሪው ማርሽ ቀንሶ ማቆም ሲችል፣ በድንጋጤ መሪ ስቶ ከግንብ ጋር ተጋጨ» አለና ከመሪው አንሥቶ ዋናው በር ላይ ጥበቃ አደረገው።

ወንድሜ አልተከራከረም። የሚከራከርበት ነገር አልነበረውም፤ ፍሬኑን ረግጦ እግሩ ወለሉን ከነካበት ቅጽበት አንሥቶ ግንቡ እስኪደርስ ያለውን አያስታውሰውም። «እነሱ ያሉት ይሆናል እኮ፣ እህት ዓለም» ይለኝ ነበር፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ። ከዚያን ዕለት ወዲህ መኪና የሚባል ነገር ውስጥ አልገባም፤ ሥራ የሚሄደው በእግሩ ነው፤ ትኬት ቆራጯም በር ላይ ሲያገኛት አንገቷን አዙራ ታልፈዋለች። እኔም ለሰው ሁሉ የእንቅልፍ መድኃኒት እያደልኩ ለገዛ ወንድሜ እንቅልፍ መስጠት አቅቶኝ ከረምኩ።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ሐሳቡ አመሰግናለሁ። አደጋ የደረሰባቸውን ሾፌሮች መልሶ ለማሠልጠን፣ እውነተኛ መንዳትን አስመስሎ የሚሠራ የመኪና ውድድር ጌም ከነመሪው፣ ከነፔዳሉ ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚል ኮሚቴ ማቋቋምዎን ስሰማ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ አለኝ። የሰፈራችንን ጎረምሶች ሁሉ ጠየቅኩ፤ የተጫወቱትም ያልተጫወቱትም እኩል መሰከሩልኝ። መሪው እንደ እውነተኛ መሪ እጅን ይታገላል፣ ጎማው ውሃ ላይ ሲወጣ ይቀልላል፣ ፍሬኑ እንደ እግር አረጋገጥ ይከብዳል አሉኝ። ይሁንና ወንበሩ አያዘነብልም፤ ከኋላ የተጫነው ሰው ክብደት ጀርባ ላይ አይሰማም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ የውድድር መኪና ነው፣ የወንድሜ ግን አውቶቡስ። የሁለቱ ዝምድና የፍየልና የበሬ ነው፤ ሁለቱም ሰኮና አላቸው፣ አንዱ ግን ገደል ላይ ይጫወታል። ስለዚህ «ሳይሞከር አይገዛም» ማለትዎ ትክክል ነበር። ያስቀየመኝ፣ የሚሞከርበት ሰው ወንድሜ መሆኑን ማንም አስቀድሞ አለመንገሩ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ሙከራው ቀን አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ።

«ለስብሰባ ትፈለጋለህ» ተብሎ ስለተጠራ፣ ብቻውን እንዳይሆን አብሬው መጣሁ። ከረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ መሪው በብሎን ታስሮ፣ ፔዳሎቹ ምንጣፉ ላይ ተደርድረው፣ ግድግዳውን የሸፈነው ስክሪን ላይ ባዶ መንገድ ተዘርግቶ ስናይ፣ ወንድሜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። በጠረጴዛው ዙሪያ የፋይናንስ ኃላፊው፣ የጋራዥ ኃላፊው፣ ዕቃውን ለሙከራ ያመጣው የሱቅ ሰውዬ፣ ደግሞም የሠራተኛው ተወካይ ሆና ምርኩዟን ጠረጴዛው ላይ ያስደገፈችው ትኬት ቆራጭ ነበሩ። እርስዎ አስቀድመው ሜዳ ላይ በሚሄደው መንገድ ነድተው፣ ሁሉንም ቀድመው፣ ተጨብጭቦልዎ ነበር። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረው «ና እስቲ ቀስ በል፤ ሌላው ቢቀር መጨረሻ ትወጣልናለህ» አሉ። ሁሉም ሣቁ። እኔም ከሚሥቁት መሐል ላለመሆን ቦርሳዬን አጥብቄ ያዝኩ።

ወንድሜ ተቀመጠ። ነዳጁን ከመንካቱ በፊት ፍሬኑን ረገጠ። ደግሞ ረገጠው። መኪናዋን ጥቂት አስኪዶ አቆማት፤ ደግሞ አስኪዶ አቆማት። ከዚያ ቀና ብሎ የሱቁን ሰውዬ «ይኼ ፍሬን ሁልጊዜ ይይዛል?» አለው።

«አዎ፣ ካልነካነው በስተቀር።»

«ማበላሸት ይቻላል?»

ሰውዬው እርስዎን አየ። «ብልሽት የሚባል ማስተካከያ አለው። ይቻላል። ግን ለምን?»

«ቁልቁለት ያለው መንገድ ስጠኝና አበላሸው» አለ ወንድሜ።

ሣቁ እዚያ ላይ ቆመ። እኔ በከንፈሬ ብቻ «ተው» አልኩት፤ አላየኝም። እርስዎ ግን፣ ክቡርነትዎ፣ ለሥልጠና ካለዎት ፍቅር የተነሣ «ቆይ፣ እኔ ልቅደምና በማርሽ እንዴት እንደሚቆም ላሳይህ» ብለው ከወንበሩ አስነሡት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

ቁልቁለቱ ስክሪኑ ላይ መጣ። ከግርጌው መንገዱ ይታጠፋል፤ በቀኝ የኮንክሪት ግንብ፣ ፊት ለፊት ደግሞ አጥር ተደግፈው ውድድር የሚያዩ ተመልካቾች አሉ። ማርሽ ቀነሱ፤ ሞተሩ አጓራ፤ ፍጥነቱ ግን እርስዎን ለማክበር ፈቃደኛ አልሆነም። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ መሪውን ቀጥ አድርገው እንደያዙ በተመልካቾቹ መሐል አለፉ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና አለፉ። ሦስተኛውን ሲሞክሩ ክፍሉ ጸጥ ማለቱን አይተው ነው መሰል «ሰዎች አይደሉም እኮ፣ ሥዕል ናቸው» አሉ። ሥዕል መሆናቸውን አልክድም። እንዲያውም በዚያ ጭንቀት መሐል ይህን ማስታወስዎ ያስመሰግንዎታል።

ከዚያ ወንድሜ ተመልሶ ተቀመጠ።

እኔ የማየው ጀርባውን ብቻ ነበር። ሸሚዙ ከትከሻው መሐል እየራሰ ወደ ታች ይወርዳል። መኪናዋ ቁልቁለቱን ስትይዝ እግሩ ፍሬኑን ሲረግጥ፣ ሲረግጥ፣ ሲረግጥ ሰማሁ፤ ፔዳሉ ምንጣፉን እየመታ «ጧ፣ ጧ» ይላል። ማርሽ ቀነሰ። ሞተሩ ጮኸ። የፋይናንስ ኃላፊው ሳይታወቀው ብዕሩን ነክሶ ቀርቷል። መታጠፊያው ሲቃረብ፣ ተመልካቾቹ ሲታዩ፣ የወንድሜ ሁለት እጆች ራሱ ሳያዛቸው ወደ ቀኝ ዞሩ፤ ወደ ግንቡ። መሪው በእጁ ላይ ተንዘፈዘፈ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ብርጭቆዎች ተንጫጩ፤ ስክሪኑ ጠቆረ።

«እንደገና» አለ።

እንደገና ቁልቁለት፣ እንደገና ጩኸት፣ እንደገና ሁለቱ እጆች ወደ ቀኝ። አሁን እጆቹን ያያቸው ነበር፤ የሌላ ሰው እጆች እንደሆኑ ሁሉ፣ በድንጋጤ።

ትኬት ቆራጯ በዚህ መሐል ተነሥታ ቆማለች፤ ምርኩዟ መሬት ወድቆ ሲጮህ እንኳ ዘወር አላለችም። እርስዎም ከእርሷ እርዳታ ጠብቀው ይመስለኛል፣ «አንቺ አውቶቡሱ ውስጥ ነበርሽ። ንገሪን እስቲ፣ ይኼ ከእውነታው ጋር ይመሳሰላል?» አሏት።

«ጌታዬ፣ የጎደለው ጩኸታችን ብቻ ነው» አለች።

ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረች። ከአደጋው ወዲህ ስታናግረው ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር። «ፊት ለፊታችን እኮ ገበያው ነበር። ሰው እንደ አሸዋ ፈስሶ። እኔ መሪው አምልጦህ መስሎኝ ነው ይኼን ያህል ያኮረፍኩህ። አውቀህ ነው ያዞርከው?»

ወንድሜ እጆቹን ከመሪው ላይ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣቸው። «አላውቅም ነበር» አለ። «አሁን ነው የማውቀው።» ከዚያም ያ በአደጋው ዕለት ያላለቀሰ፣ በር ጠባቂ ሲሆን ያላለቀሰ ሰው፣ በኮሚቴው ፊት እንደ ልጅ አለቀሰ። እርስዎ ሰዓትዎን አዩ።

ሦስተኛ፤ ስለ ውሳኔው አመሰግናለሁ። ኮሚቴው በዚያው ሳምንት «ጌሙ ከእውነታ የራቀ ሆኖ ስለተገኘ፣ የሠራተኛውንም ሞራል ስለሚጎዳ ግዢው አያስፈልግም» ብሎ ወሰነ። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ለካ ተረት ብቻ አልነበረም። ጌሙ ሜዳ ላይ ሲያስጨበጭብልዎ እውነተኛ ነበር፤ ቁልቁለት ላይ ሲያዋርድዎ ከእውነታ ራቀ። የጋራዥ ኃላፊዎም ያን ዕለት አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ፤ ወንድሜ ከአደጋው በፊት «ፔዳሉ እየሰመጠብኝ ነው» እያለ ሲመላለስባቸው «ጥቂት ታገሥ፣ ዕቃው ይመጣል» ይሉት የነበሩት እርሳቸው ናቸውና ዝምታቸው ይገባኛል።

የማንም አማካሪ አይደለሁም፤ ነገር ግን ኮሚቴው የዘለለውን ጥያቄ ልመልስለት፦ ይገዛ ወይስ አይገዛ? ሾፌር ለማስተማር ከሆነ አይግዙት፤ ማንም በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አውቶቡስ መንዳት አይማርም። ለመዝናኛም ከሆነ የእርስዎ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ሰው ለማሰብ ጊዜ ሲያጣ እጁ ወዴት እንደሚዞር ለማየት ከሆነ፣ እኔ ከዚያ የተሻለ መመርመሪያ አላየሁም። እንዲያውም ሁለት ይግዙ፤ አንዱን ለሚነዱት፣ ሌላውን በሚነዱት ላይ ለሚፈርዱት።

አራተኛ፣ መሥሪያ ቤትዎ ስለ ሠራተኞቹ ደኅንነት እንደሚጨነቅ ስለማውቅ፣ የሆነውን ልንገርዎ። በማግስቱ ትኬት ቆራጯ የቤታችንን ደረጃ በምርኩዝ እየወጣች መጣች። ወንድሜ ሊደግፋት ሮጦ ወረደ፤ «ተወኝ፣ አንተ ስትደግፈኝ ግንብ ላይ ነው የምታሳርፈኝ» አለችው፣ ሁለቱም ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው እስኪያልባቸው ሣቁ። እሑድ ዕለት ሦስታችንም አውቶቡስ ተሳፈርን። ወንድሜ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጠ። ቁልቁለቱ አናት ላይ ስንደርስ «ልውረድ» አለ። ማንም አልያዘውም፤ ትኬት ቆራጯ ግን «ብትወርድ እኔም በዚህ እግሬ እወርዳለሁ፣ በል እሺ በለኝ» አለችው። አልወረደም። ግርጌ ደርሰን አውቶቡሱ ሲቆም ገበያው እንደ ወትሮው ይተራመስ ነበር፤ ሻጩ ይጮኻል፣ ገዢው ይከራከራል። ወንድሜ በመስኮቱ ሲያያቸው ቆየና «እነዚህ ሰዎች አያውቁኝም» አለኝ። አላዘነም፤ ደስ ብሎት ነበር።

ገና መሪ አልያዘም፤ ሐኪሙም አትቸኩል ብሎታል። ነገር ግን ማጣራቱ እንደገና እንዲከፈት በስሙ አመልክቷል፤ ትኬት ቆራጯም የመጀመሪያ ምስክሩ ናት፤ የሱቁም ሰውዬ የፈለጋችሁት ቦታ መሪውን ይዤ እመጣለሁ ብሏል። እርስዎም በምስክርነት ሳይጠሩ እንደማይቀሩ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በዚያ ቁልቁለት ላይ ከእርስዎ የበለጠ የሞከረ የለምና።

ለትዕግሥትዎ፣ ለሥዕልና ለሰው ልዩነት ለሰጡት ጥልቅ ትኩረት፣ እንዲሁም ለሚያደርጉልንና ለማያደርጉልን ሁሉ ከጉልበቴ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ዘመንዎ እንደ ሜዳ መንገድ የተቃና እንዲሆን የምመኝ፣

አክባሪዎ፣
የበር ጠባቂዎ ታላቅ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለእርስዎ የተመደበችው መኪና ፍሬን ጥቂት ሲጢጥ ብሎ፣ በዚያው ቀን ሙሉ በሙሉ በአዲስ እንደተቀየረ በጋራዥዎ በኩል ሳልፍ ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለዎ። ዕቃ ለካ ይመጣል፤ የማያውቀው የአውቶቡስን መንገድ ብቻ ነው።