የእንግዳ ወገን

ጥር 14፣ ሐሙስ። ጠዋት 12፡30

ልምምድ። ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ልጆቹ እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ቀብረው ይሮጣሉ። ትዕግሥት፣ አምበሌ፣ የእስቴው ገበሬ ልጅ፣ ብቻዋን ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ ተረጋግታ የጫማዋን ክር ታስራለች። ይህችን ልጅ ብርዱ ራሱ ይፈራታል።

5 ሰዓት። የኮሌጃችን ዲን ቢሮ ተጠራሁ። ስማ ደብተር፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የኮሌጆች የሴቶች እግር ኳስ ምድብ ሊፈርስ ነው። እስከ ዛሬ ጎረቤት ከጎረቤት ነበር የምንጫወተው፣ በአውቶቡስ ደርሶ መልስ። ከመጪው ዓመት ግን አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ከየአገሩ ስምንት ኮሌጆች መርጦ አዲስ ምድብ ያቋቁማል። ጨዋታው በቀጥታ ይተላለፋል። ሰባቱ ተመርጠው አልቀዋል። ስምንተኛው ቦታ ወይ ለእኛ ነው፣ ወይ ከደቡብ ለሚመጣ አንድ ኮሌጅ። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እዚሁ ደብረ ታቦር እንጋጠማለን፤ ጣቢያው ለሙከራ ይቀርጻል፣ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ለኳሱ ብቻ አይደለም። ለሜዳውም፣ ለተመልካቹም ነው፤ የእነሱ ሜዳና ተመልካች ቀድሞ ታይቷል።

ልወጣ ስል ዲኑ ቀስ ብሎ ጨመረ። ካልገባን የሴቶች ቡድኑ በዚህ ዓመት ያበቃል። ይህን ሲል የሚያየው መስኮቱን ነው፣ እኔን አይደለም።

ጥር 15፣ ዓርብ

ለልጆቹ ነገርኳቸው። ስለ ቴሌቪዥኑ ስነግራቸው ጮኹ፣ ስለ መፍረሱ ስነግራቸው እርስ በርስ ተያዩ። መሠረት፣ በረኛዬ፣ ፀጉሯን ለቅዳሜው ምን ዓይነት እንደምትሠራ ጠየቀች። ሳቅን። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ እብድ ተለማመዱ። እኔም እንደ እብድ ጮህኩ። ድምፄ ተዘግቷል።

ጥር 20፣ ረቡዕ። ከሰዓት

የጣቢያው ባለሙያ ደረሰ። ናሆም ይባላል፣ ቀጭን፣ ጃኬቱ ለአዲስ አበባ እንጂ ለእኛ አገር የሚሆን አይደለም። አንዲት ትንሽ የምትበር ካሜራ ይዟል። ከመዳፉ አስነሣት። ተንጫጫች፣ ከፍ አለች፣ ከባሕር ዛፉ በላይ ሆነች። በያዘው ስክሪን ሜዳችንን አሳየኝ። አሥራ ሁለት ዓመት የረገጥኩት ሜዳ! ከላይ ሲያዩት እንዲህ አረንጓዴ ነው? ጉና ከኋላው ተዘርግቶ፣ ከተማዋ በቆርቆሮዋ እያበራች። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ናሆም ያፌዝብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ግን እሱም እንደ እኔ አፍጥጦ ያያል።

ጣቢያው የሚገዛው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። መብቱን ነው አለኝ፣ የሦስት ዓመት ጨዋታ የማሳየት መብት። ገና ያልተጫወትነውን? አዎ። ገና ኮሌጅ ያልገቡ ልጆች የሚጫወቱትን? አዎ፣ እሱንም። ይኸው እስካሁን እየገረመኝ ነው። ገና ያልተዘራ ማሳ ላይ ቆሞ ምርቱን የሚያይ ሰው አለ ማለት ነው። ይህን ያህል በእኛ ልጆች ያመነ ሰው መኖሩ ራሱ ሆዴን አባባው።

ጥር 22፣ ዓርብ

እንግዶቹ ገቡ። እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ልጆቹ ብርድ ልብስ ለብሰው ወረዱ። አሰ. አስቴር፣ አሰልጣኛቸው፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ነገረ ሥራዋ ሁሉ እርጋታ ነው። ልጠላት ሞከርኩ። አልሆነም። ደጋፊ ይዘው አልመጡም፤ ሾፌሩና አንዲት ነርስ ብቻ።

ጥር 23፣ ቅዳሜ። 10 ሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጠዋት 3 ሰዓት ተጀመረ። ሕዝቡ ግጥም ብሏል፣ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቦ። ሐጂ ሰይድ፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ የደጋፊው አለቃ፣ እንደ ሁልጊዜው ከፊት። በ20ኛው ደቂቃ ትዕግሥት በግራ እግሯ አገባች። ምድር ተናወጠ። በ38ኛው ተቆጠረብን። 1 ለ 1። ዕረፍት።

ናሆም እየሮጠ መጣ፣ ፊቱ ቢጫ ሆኗል። ስክሪኑን አሳየኝ። ሜዳው ያምራል፣ ልጆቹ ያምራሉ፣ ጩኸቱ ይሰማል፣ ሰው ግን የለም! ከሜዳው ማዶ በፀሐይ የደመቀ ባዶ ዳገት። ዳገቱ ላይ ሾፌሩና ነርሷ ቆሎ ይቆረጥማሉ።

ደብተር፣ አንተ ታውቃለህ፤ ናሆም ከየት ይወቀው? በእኛ ሜዳ የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት ዳገት የእንግዳ ወገን ነው። እኛ በዚህ በኩል፣ በባሕር ዛፉ ጥላ ሥር፣ የጉና ነፋስ ጀርባችንን እየገረፈን እንቀመጣለን። እንግዳ ብዙ ቢመጣም፣ ሁለት ቢመጣም፣ ጭራሽ ባይመጣም ከእኛ እዚያ የሚቀመጥ የለም። ማንም ሕግ አላወጣም፤ እንዲሁ ነውር ነው። ጨዋታውን የሚቀርጸው ትልቁ ካሜራ ደግሞ ፀሐይ እንዳይወጋው ጀርባውን ሰጥቶ ከእኛ በኩል ቆሟል። ሕዝቡ በሙሉ ከካሜራው ኋላ! ይህን ሁሉ ቀን ስዘጋጅ አንዴም ትዝ አላለኝም። ናሆም ካሜራውን ማዞር አይቻልም፣ በዚህ ዓይነት የተመልካች ነጥባችሁ ዜሮ ነው አለኝ።

ድምፅ ማጉያውን ያዝኩ። ለመንኩ። ተሻገሩ፣ ስለ ልጆቹ ብላችሁ። የተንቀሳቀሰ የለም። ሐጂ ሰይድ አዝነው አዩኝ።

«ልጄ፣ የእንግዳ ቦታ ነው። ባለቦታው ሳይጠራን ምን ብለን እንሄዳለን?»

ሁሉም አንገቱን ነቀነቀ። እንግዲህ የቀረኝ አንድ ሰው ነው። አሰ. አስቴር ዘንድ በእፍረት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ነጥቡ የሚጎዳት መሆኑንም ጭምር። መደበቅ አልቻልኩም። ዓይኗን ጥላው ሥር ወዳለው ሕዝብ ጣለች። ይበርዳቸዋል? አለች። አዎ። ታዲያ ለምን እዚያ ይቀመጣሉ? ፀሐዩ የእናንተ ስለሆነ፣ አልኳት። ልጆቿን አየች፣ እኔን አየች። ማጉያውን ከእጄ ወሰደች።

«የደብረ ታቦር ሰዎች! ይህ ሁሉ ፀሐይ ለሁለት ሰው ምን ያደርጋል? ኑ፣ አብረን እንሙቅ!»

መጀመሪያ ሐጂ ሰይድ ተነሡ። ልብሳቸውን አራገፉ፣ ከዘራቸውን አነሡ። ከዚያ ሁሉም። ሜዳውን ማንም አልረገጠም፣ በጎሉ ኋላ ዞረው፣ አሮጊት ተደግፋ፣ ሕፃን ታዝሎ፣ ሲፈስ ሲፈስ ዳገቱ ሞላ። የጋቢው ንጣት በፀሐይ ዓይን ይወጋል። ትንሿ ካሜራ ከላይ። ናሆም ሥራውን ረስቶ ቆሟል። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ።

የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነው። በእንግዳ ቦታ ተቀምጠው ለእንግዳ አለማጨብጨብ ነውር ሆነባቸው! ለሁለቱም ጮኹ። ከደቡብ የመጣችው ቁጥር 7 ኳስ በያዘች ቁጥር ሐጂ ሰይድ ብድግ ይላሉ። በ1 ለ 1 አለቀ።

ጥር 24፣ እሑድ

ሸኘናቸው። በሐሙሲት በኩል ዋንዛዬ ፍል ውሃ ጎራ አልን። ሠላሳ ምናምን ልጆች እግራቸውን ፍል ውሃው ውስጥ ነክረው ይንጫጫሉ፣ የማን ተጫዋች የማን እንደሆነ አይለይም። ነርሷ አጠገቤ ተቀመጠች። የእነሱም ቡድን ካልተመረጠ እንደሚፈርስ ነገረችኝ። አሰ. አስቴር ይህን ትናንት ታውቅ ነበር ወይ? አልኳት። ከመነሻችን ጀምሮ፣ አለች።

ውሃው በጣም ይሞቃል። እኔን ግን ብርድ ብርድ አለኝ።

የካቲት 2፣ ሰኞ

ደብዳቤ መጣ። ተመርጠናል።

ዲኑ አቀፈኝ። ልጆቹ ግቢውን በዘፈን አናወጡት፣ መሠረት ጎሉ አግዳሚ ላይ ተንጠለጠለች። ፈገግ አልኩ፣ ፈገግ አልኩ፣ መንጋጋዬ እስኪያመኝ። ደብዳቤውን ደግሜ አነበብኩ። በኳሱ እኩል ነን። በሜዳውም እኩል። ያሸነፍነው በአንድ ነገር ነው፤ «አሰልጣኟ ተመልካችን በአጭር ጊዜ በማስተባበር ባሳየችው ብቃት»። አሰልጣኟ እኔ ነኝ ማለት ነው።

ናሆም ጋር ደወልኩ። ነጥቡን የሰጡት ቢሮ ተቀምጠው ምስሉን ያዩ ሰዎች ናቸው፣ ድምፁን አልሰሙትም አለኝ። መቀበላችንን የሚያረጋግጥ ፊርማዬን እስከ ረቡዕ ይፈልጋሉ።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ። 9 ሰዓት

ልጆቹን መልበሻ ክፍል ሰበሰብኳቸው። ከእነሱ ደብቄ መወሰን አልፈለግሁም። ዕጣው የእነሱ ነው። የነርሷንም፣ የደብዳቤውንም ነገር አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

መሠረት ተቆጣች። አላጭበረበርንም አለች፣ ሰው ገጭተን አላለፍንም፣ ሕዝቡም የራሳችን ሕዝብ ነው። እውነቷን ነው። እኔም ከትናንት ጀምሮ ለራሴ ይህንኑ ስነግር ነው የዋልኩት። ለጣቢያው እውነቱን ከጻፍን ቡድኑ ይፈርሳል ወይ? አለችኝ። ሊፈርስ ይችላል አልኳት። ቃል ልገባላት የምችለው ነገር አልነበረኝም።

ትዕግሥት ከጥግ ተነሣች። ጮክ ብላ አትናገርም።

«ኮች፣ ኑ ግቡ ብላ የጠራችንን ሴት እኛው ውጭ እናስቀራት?»

አንዷ እጇን አወጣች። ከዚያ ሌላዋ። እኔ ያልጠየቅሁትን ድምፅ ራሳቸው ሰጡ። ሁሉም፣ ከመሠረት በቀር።

11 ሰዓት። ቢሮ። ጻፍኩት። አጭር ነው። «ዳገቱን የሞላው ሕዝብ የእኛ ነው። ከቦታው ያስነሣው ግን የአሰልጣኝ አስቴር ጥሪ ነው። በዚህ ምክንያት የተሰጠን ነጥብ የእሷ ነውና ለእሷ ይቆጠር።» ዲኑ ቆሞ አነበበው። ምን እያደረግሽ እንደሆነ ገብቶሻል? አለኝ። ገብቶኛል። ደግሞ አነበበው፣ ከዚያ ማኅተሙን ከመሳቢያው አወጣ።

11፡40። ፎቶ አንሥቼ ስልኬ ላይ አዘጋጀሁት። መላክ ብቻ ቀረኝ። ጣቴ እምቢ አለ። አሥራ ሁለት ዓመት፣ ደብተር።

በሩ ተንኳኳ። መሠረት ናት፣ ዓይኗ ቀልቷል። ላኩት? አለችኝ። ገና ነው።

«ቶሎ ይላኩት እንግዲህ» አለች እያለቀሰች፣ «ሐሳቤን ሳልቀይር።»

ላክሁት።