ከጋቢው በላይ የታሰረ ቀበቶ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1979

አማቴ ዛሬም ልጄን ሌንሳን ታቅፈው መኪናው ውስጥ ፊት ተቀመጡ። አምስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር የቀራትን ልጅ! ከኋላ ያ መቀመጫ ባዶውን ይሄዳል። መኪናዋን የሸጠችልን ስዊድናዊት ነርስ ትታልን የሄደችው የልጅ ከፍ ማድረጊያ ነው። ሌንሳ እሱ ላይ ስትቀመጥ ቀበቶው አንገቷን ትቶ በትከሻዋ ያልፋል፣ የታችኛውም ከሆዷ ወርዶ ጭኗ ላይ ያርፋል። ነርሷ ሁለቴ አሳይታኛለች።

ክሊኒክ ነው የምሠራው። መኪና ውስጥ የተጎዳ ሕፃን በእጄ ተቀብያለሁ። ለአማቴ ግን አንዲት ቃል መናገር አቃተኝ። ዓይናቸውን ሊታከሙ ከጉደር የመጡ እንግዳዬ ናቸው። አይ ይሉኝታ!

ዓርብ

ለባሌ ለታደሰ ነገርኩት። «አንቺ ንገሪያት» አለኝ። የገዛ እናቱን!

ነገርኳቸው። «ልጅ እንደ ጥጃ ይታሰራል?» አሉ። ብዙ ተባባልን። በመጨረሻ «እሺ፣ ብርድ እንዳይመታት በጋቢ ልጠቅልላትና ከላይ እሰሪያት» አሉ። ተስማማሁ። አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ

የፈሩት ይደርሳል።

ወደ ጉደር ገበያ ስንሄድ ከሰል የጫኑ አህዮች ከጥግ ወጥተው መንገዱ መሃል ገቡ። ታደሰ ፍሬን ያዘ። ሌንሳ ጋቢው ውስጥ ተንሸራታ ወረደች፣ ቀበቶው አንገቷ ሥር ገባ። ከንፈሯ ደማ። «አኮ! አኮ!» ብላ አያቷን ጠራች፣ እኔን አልጠራችም።

ጋቢውን ስጨብጠው ታጥፎ እጄ ውስጥ ገባ። ቀበቶው የያዘው ጥጡን እንጂ ልጄን አልነበረም። ያሰርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

እሑድ

አንገቷ ላይ ቀይ ሰንበር አለ። ትውጣለች፣ ትበላለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከቸርች መልስ ብቻዬን መኪናው ውስጥ ገብቼ ትራስ እያሰርኩ ሞከርኩ። ጋቢና ወፍራም ሹራብ መጀመሪያ ይውለቅ። ቀበቶው እንዳይጠማዘዝ። ጭን ላይ ዝቅ፣ ትከሻ ላይ መሃል፣ ከዚያ ሳብ። ጋቢው በመጨረሻ ከላይ ይደረብ። ይኸው ነው፣ እንዲህ ቀላል ነበር።

ሰኞ

አማቴን ወደ ቤታቸው ልንሸኝ ነበር። ሌንሳ የመኪናውን በር ይዛ «አልገባም» አለች። ለመንኳት። ታደሰ ተቆጣ። እኔ ማልቀስ ቃጣኝ።

አማቴ ከፊት ወንበር ወረዱ። ዞረው ከኋላ፣ ከመቀመጫዋ አጠገብ ገቡና ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «መጀመሪያ እኔን እሰሪኝ፣ ትየኝ» አሉ።

ቀበቶውን በደረታቸው ላይ አሳለፍኩ። እንዲህ ተጠግቻቸው አላውቅም። ሌንሳ ትንሽ ቆማ አየች፣ ከዚያ ራሷ ወጥታ መቀመጫዋ ላይ ተቀመጠች።

«ኢንታላ ኮ፣ የእኔ ላልቷል፣ አጥብቂው» አሉኝ።

ሌንሳ ከተወለደች ጀምሮ «የሌንሳ እናት» ነበርኩ። ልጄ ብለው ሲጠሩኝ የዛሬው የመጀመሪያው ነው። አጠበቅሁት።